የማን ለቅሶ ነው?

ማክሰኞ

ዛሬ እማዬን ትቻት ሄድኩ። ጽፌው ሳየው ያስፈራል። የተውኳት እኮ እዚሁ ሠፈር፣ የዕድሩ ቤት ነው። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ያመጡት ሐሳብ ነው፤ የዕድሩ ሴቶች ተራ ገብተው በሳምንት ሁለት ቀን እንደ እማዬ የሚረሱትን ይጠብቃሉ። «አንቺም ሰው ነሽ፤ ሂጂ ተኚ» አሉኝ።

አልተኛሁም። ፒያሳን ዞርኩ፣ የወርቅ ቤቶቹን መስኮት አየሁ፣ ማኪያቶ ጠጣሁ። «ዳዊት መጣ?» ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ስመለስ የእማዬ ዓይን አባብጧል።

ረቡዕ

ጉዱን ዛሬ ሰማሁ። ጥርስ ለሌለው ይመቻል ብለው ንፍሮ ቀቅለው፣ የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ደርድረው ጠበቋቸው! እማዬ የራሷን ስም ብትረሳ ይህን ትረሳለች? ለቅሶ ቤት የገባች መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ ዋለች። የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀች።

እትዬ በለጡ በጣም አዘኑ። «ነገ ገንፎ ነው የማገነፋው» አሉ። ገንፎ ደግሞ የአራስ ቤት ነው፤ እልልታ ልትጀምር ነው። ሳቅን።

ማታ እማዬ «ዳዊት መጣ?» አለችኝ። «ክፍለ ሀገር ነው» አልኳት፣ እንደ ሁልጊዜው። ያኔ ወታደሮች ወንድሜን ከቤት ከወሰዱት በኋላ «አትጠብቁት፤ ማልቀስም ክልክል ነው» ተባልን። ድንኳን አልተጣለም፣ እርሙን አላወጣንም። ያኔ እማዬም ታውቅ ነበር። አሁን ከቤታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን ከበደኝ።

ሐሙስ

ልውሰዳት? ይቅርባት? ወሰድኳት። ትቻት መሄድ ግን አልሆነልኝም።

ገንፎው ቀርቧል። ምን ዋጋ አለው፤ አግዳሚውን ስታይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝም ላሰኛት ነበር። እንባዬ ቀደመኝ። ስንት ዓመት የያዝኩት ሁሉ ወጣ።

ዞር ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም።

«ምንሽ ነው የሞተው፣ ልጄ?»

«ወንድሜ።»

እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «አልቅሺለት። ማን ይከለክልሻል?»

አለቀስኩ። ጮክ ብዬ። እትዬ በለጡም ማንን እንደማለቅስ ስለሚያውቁ መጥተው አብረውን ተቀመጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች። አፍንጮ በር አካባቢ ስንደርስ ቆም አለች።

«ያቺ ልጅ አንጀቴን በላችው» አለችኝ። «ማክሰኞም ሄደን እናስተዛዝናት።»

እሺ አልኳት።