መቅዲ ሃያ ዓመት የሞላት ሰሞን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ወንድይፍራው፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ያ ወገብዎ ቀለል አለልዎት ወይስ አሁንም ለሐኪም አልታይም እያሉ ነው? እትዬ ወርቅውሃስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔና ልጅዎ መቅዲ አምላክ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። እዚህ ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን።

እንደሚያውቁት ትምህርት ቤቱ በኮሮና ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው በጥር የተከፈተው። እንግሊዝኛ ትልመድ ብለው የላኩልኝ ልጅ፣ ገና ከመግባቷ ተዘግቶባት፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ የለመደችው የሰፈሩን ቋንቋ ሉጋንዳን ነው። ቦዳ ከሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ነጂ ጋር በዋጋ ስትከራከር ቢሰሟት እዚሁ የተወለደች ነው የምትመስልዎት። ያም ሆኖ ልጆቹ ሁሉ ያለ ፈተና ተዛውረው እሷም ስድስተኛ ክፍል ገባች።

እኔ በማስተምርበት፣ እሷም በምትማርበት ትምህርት ቤት አዲሱ ዳይሬክተር ሚስተር ሙሶኬ የልጆቹን ዕድሜ፣ ውጤትና ቀሪ የሆኑበትን ቀን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ማን ምን እንደቀረው ሳያውቁ ማስተማር በጨለማ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከአንደኛ ደረጃ አልፏል የተባሉ ልጆች ተለይተው ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ይሂዱ ተባለ። አንዷ መቅዲ ናት። ዕድሜ፦ ሃያ! የወተት ጥርሷን ትናንት የጣለች ልጅ!

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሰነፍ ስለሆንኩ ነው ያባረሩኝ ብላ ደብተሮቿን አልጋ ሥር ከተተችና ሁለተኛ አልሄድም አለች። አንጀቴን በላችኝ።

ጎረቤቴ ኣዜብ ኤርትራዊት ናት፤ ልጆቿ እዚያው ይማራሉ። የእናንተ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች ብቻ እንዴት በአንዴ አረጁ ብላ ስትቀልድብኝ ነው ነገሩ የገባኝ። እነሱ ዘመን የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው፤ እኛ በራሳችን። ኮምፒውተሩ የተወለደችበትን የኛን 2002 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ በልጅቷ ላይ ስምንት ዓመት ጨመረባት። ለመሆኑ ስናስመዘግባት የልደት ዘመኗን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፎ የላከልን ማን ነበር? የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ጋሼ ወንድይፍራው! የወረዳውን ቁጥር ሁሉ ሲያርሙ ኖረው በገዛ ልጅዎ ተሳሳቱ። እትዬ ወርቅውሃ ሲስቁብዎ ከዚህ ይሰማኛል።

ሚስተር ሙሶኬ ጨዋ ሰው ነው። ሄጄ ሳስረዳው አልተከራከረም፤ ወላጆችን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ዕለት ለመቅዲ ሮሌክስ ገዛሁላት፤ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልለው መንገድ ላይ የሚሸጡት ነው።

ዕድሜዋ ከታረመ በኋላ ግን የንባብ ውጤቷን አየሁ። ይህኛው ቁጥር አልተሳሳተም፣ ጋሼ። እኔም ራሴ አስነብቤ አረጋገጥኩ። በሂሳብ የሚቀድማት የለም፤ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ሲሰጧት ግን እንደ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ትደናቀፋለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት ልክ ከፋፍለን እናስነብባለን፤ ዓርብ ዓርብ መምህራኑ ተሰብስበን የተሻለውን ወደ ፊት እናሳልፋለን። የእርስዎ ቢሮ ቁጥሩን ወደ ላይ ሲልክ እንጂ ወደ መምህሩ ሲመልስ አይቼ አላውቅም። ቢቆጡኝም እውነቴን ነው።

እንግዲህ ዋናው ጉዳዬ፦ መቅዲ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ብትቀመጥ ይሻላታል፤ ለዚህ ደግሞ የአባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጄ ደገመች መባልን እንዴት እንደሚጠሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ስድስተኛ ሆና አንገቷን ከምትደፋ አምስተኛ ሆና ብታነብ እመርጣለሁ። ራሷን ጠየቅኋት። ለአባዬ ደገመች ብለሽ አትጻፊለት፣ ማንበብ ጀመረች በዪው አለችኝ። ደብተሮቿንም ከአልጋ ሥር አውጥታለች።

እትዬ ወርቅውሃን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ለዮፍታሔ እህትህ ኳስ ላይ ትረታሃለች ይበሉት። እማማ አለምዘውድ በጸሎታቸው አይርሱን። መቅዲ ሁላችሁንም ትስማለች።

የፈቃድዎን ወረቀት ቶሎ ይላኩልኝ። አደራዎን ታዲያ፣ ቀኑን እንደ እኔ በሁለቱም ዘመን ይጻፉት።

እህትዎ ዘርፈሽ

ካምፓላ፣ ማኪንድዬ
የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.
እንደ ፈረንጅ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2022