ለአስታማሚ የተሳበ ወንበር

እህት ዓለም፣

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ ያለውን ባሕር እኔም አላየሁትም፤ ከነርስ ተማሪዎቼ ጋር ክፍል ውስጥ ነው የሚመሽብኝ። ዛሬ ደላላ የሸጣት ታካሚ በምን እንደምትለይ በትወና ተለማመድን። “ታካሚዋ” ስሟን ስትጠየቅ “አክስቷ” መለሰችላት። ነርስ የሆነችው ተማሪም “ቆመው ቀሩ እኮ እትዬ፣ ይቀመጡ” ብላ ወንበር ሳበችላት። ሁሉም አውካኩ።

“አስወጪያት እንጂ! ልጅቷን ለብቻዋ ነው የምትጠይቂያት” ብዬ ተቆጣሁ። ወዲያው ግን የራሴው ጥፋት ትዝ አለኝ። እጇን ተቃጥላ እኛ ዋርድ የተኛችውን ልጅ ታስታውሻታለሽ? አጎቷ ነኝ ያለው ሰውዬ ሁሉን ሲመልስላት “ዘመድ እንዲህ ነው!” ስንል፣ ወንበር ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ተረኞቹን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ደግሞ መዝገብ ቤት ገብተሽ የዚያችን ልጅ የሕክምና ካርድ ፈልጊልኝ። በምን ስም እንደምትፈልጊው እንጃ፤ ስሟን የነገረን እሱ ነው።