የጋሼ አዳሙ ሽማግሌ

ሰኞ
ጋሼ አዳሙ ዛሬ ግብርና ቢሮ መጡ፤ እንደ ባለጉዳይ በሩን አንኳኩተው። አንጀቴን በሉት። አምስት ዓመት አለቃዬ የነበሩ ሰው! ባለፈው ወር መደባቸው ታጥፎ ተሰናበቱ፤ የእኔ የጸሐፊነት መደብ ተረፈ። ደምበጫ የዘር ድንች ባለሙያ ይፈለጋል፣ ማመልከቻ እስከ ዓርብ። "ሲቪ ጻፊልኝ" አሉኝ።
"ሃያ ዓመት ምን ምን ሠሩ?" ብላቸው ትንሽ አሰቡና "ፈረምኩ" አሉ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ማክሰኞ
ከሥራ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ዲፕሎማ፣ ሁለት ሥልጠና። አለቀ ደቀቀ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ጥሩ ጥሩውን ይንገሩኝ ስላቸው ተቆጡ፦ "ሰው ራሱን ያመሰግናል እንዴ? ነውር አይደለም?"
ባለቤታቸው እትዬ የሺ ሳቁ። "እኔንም ሲያጨኝ ትንፍሽ አላለም። የተናገሩለት ሽማግሌዎቹ ናቸው።"
ይሄ ነገር መንገዱን ሁሉ ከራሴ አልወጣ አለ። እውነት ግን ምን ሠርተው ይሆን? እኔ የማውቀው ፊርማቸውን ብቻ ነው። እንግዲህ ሽማግሌያቸው እኔ ነኝ።

ሮብ
አዲሱን አለቃ ራሴን አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ሮብ ገበያ ሄድኩ። (እግዜር ይቅር ይበለኝ።) የገበያ ቀን ስለሆነ ገበሬው ሁሉ እዚያው ነው። ድንች ሻጮቹን እየዞርኩ "አቶ አዳሙን ያውቋቸዋል?" እላለሁ። አንዲት እናት ድንቻቸውን ትተው ብድግ አሉ። "ምነው ልጄ፣ ምን ሆነ?"
ያሉኝን ጻፍኩ። አንድ ክረምት የመጣው ዘር በስብሶ ነበር። ጋሼ አዳሙ አከፋፍል ሲባሉ እምቢ ብለው መጋዘኑን ቆለፉት። ከዚያ ስድስት መንደር በእግራቸው ዞረው፣ ጤነኛ ዘር ካለው ለምነው ለሌለው አደሉ።
"ያን ዓመት ልጆቼን ያበላኋቸው በሱ ልመና ነው" አሉኝ።
ሌሎቹም መጡ፣ አንዱ ሲጨርስ አንዱ እየቀጠለ። ደብተሬ ሞላ። አምስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

ሐሙስ
ሦስት ገጽ ወጣው። አለቃው ለምሳ ሲወጣ አተምኩት።

ዓርብ
ጠዋት ደምበጫ ሊሳፈሩ ሲሉ መናኸሪያ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እዚያው ቆመው ያነባሉ። ሚኒባሱ ጡሩምባውን ይነፋል፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።
"እዚህ ጋ ተሳስተሻል።"
"ምኑን?"
ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስድስት መንደር አይደለም። ዘጠኝ ነው።"
እስክሪብቶ አውጥቼ አስተካከልኩት። ይቀጥሯቸው አይቀጥሯቸው አላውቅም። ሚኒባሱ ሲወጣ በመስኮት አየኋቸው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረዋል።