በስሜ የወጣው ፈቃድ

መርሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ ለዓሪፍ ጀብሪል፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እኔም አባባ ጀብሪልም በሕይወት አለን። ይህን በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ሞክሬ አፌ እምቢ አለኝ። ከጅዳ የመጣው ሚስባህ ወደዚያ ሊመለስ መሆኑን ስሰማ ነው በእጁ ልጻፍልህ ያልኩት። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ሱቁ ደህና ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ አባባን ይዤ ግራና እህቴ ከድጃ ዘንድ ሸሸሁ። ስንመለስ የሱቁ በር ተገንጥሎ ጠበቀን፤ አንድ ጣቃ ጨርቅ እንኳ አልቀረም። መደርደሪያውን ሳይቀር ነቅለው ወስደውታል። አንተ ያን ሰሞን ሥራ ቆሞብህ አልጋ ላይ ነበርክ፤ በምን አንጀቴ ልጨምርብህ?

ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ይኸው ተናገርኩት። የመጀመሪያ ቀን ተሸፋፍኜ ዓይኔ ብቻ ነበር የሚታየው። ከሲሪንቃ የምትመጣው የድሮ ደንበኛችን ግን በድምፄ ለየችኝና "የዓሪፍ ሚስት! አንቺ ነሽ?" ብላ ጮኸች። ዘይቱን እሳት ላይ ጥዬ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ።

አባባን ታውቃቸዋለህ፤ "የጀብሪል ቤት ሴት መንገድ ዳር አትቀመጥም" የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ የምንበላው ዓሪፍ ከሚልከው ነው አልኳቸው። ምግብ ባቀረብኩ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው አንተን ይመርቃሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሚን እላለሁ።

በቀደም መናኸሪያው ጋ የምንነግድ ሁሉ ፈቃድ እንድናወጣ፣ ለሽያጭ ግብሩም እንድንመዘገብ ተነገረን። ረመዳን ደርሷል፤ ሳምቡሳ የሚፈለግበት ወር ነውና ቦታዬን እንዳላጣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር። የምትመዘግበው ቃልኪዳን የምትባል ትሁት ልጅ ናት።

"የሥራው ዓይነት ምንድን ነው፣ እህቴ?" አለችኝ።

"ምግብ" አልኩ በለሆሳስ።

"ምን ዓይነት ምግብ? ሆቴል ነው?"

ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰምቼ ዞር ብል አባባ! እኔን ላለማስጨነቅ ብለው፣ የአንተን የጨርቅ ሱቅ ፈቃድ ሊያስዘጉ ሳይነግሩኝ መጥተው ኖሯል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"ሳምቡሳ ነው የምትሸጠው" አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። "የልጄ ሚስት ናት። እኔንም የምታበላኝ እሷው ናት። ጻፊላት ልጄ።"

ስንወጣ፣ "አባባ፣ መቼ አወቁ?" አልኳቸው።

"ልብስሽ ዘይት ዘይት ይሸታል። ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ መች ደከመ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? አትቀመጪ ብዬ የፎከርኩት እኔ፣ ተቀምጠሽ ባመጣሽው የምኖረውም እኔ። አፈርኩ፣ ዓቢዳ።"

ከዚያ በኋላ እቤት እስክንደርስ አንዳችን የአንዳችንን ፊት አላየንም። ማታ ግን ምግብ ሳቀርብ እንደ ወትሮው እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ አንተን መረቁ፤ ቀጥለው እኔን።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የሱቁ ፈቃድ በአንተ ስም ስለሆነ ያለ አንተ አይዘጋም፤ እስኪዘጋ ደግሞ ግብር ይቆጠርብሃል። ቆንስላው ሄደህ ለአባባ ውክልና ላክላቸው። እሳቸው "ዓሪፍ ሲመጣ የሳምቡሳውም በሱ ስም ይዞራል" ይላሉ። እኔ ኢንሻአላህ አልኩ።

የንግድ ፈቃዱን ወረቀት ስቀበል ስሜን ከነአባቴ አነበብኩት፤ ማህተም አርፎበታል። አንተ በሰው አገር ስትንከራተት፣ ሱቅህ ባዶውን ቆሞ፣ እኔ መንገድ ላይ ደስ አለኝ። በሻሼ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። ዓሪፍ፣ ከሁሉ ያሳፈረኝ እሱ ነው፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

አላህ ጤናህን ይመልስልህ፤ እንጀራህን ያቅናልህ፤ በሰላም ያገናኘን።

ዓቢዳ ሙሐመድዘይን