ጥቁሩ ኤልና የቅዳሜዎቹ ሲጋር

ሰኞ፣ ኅዳር 5

እንደ ሌላው ሰኞ። የሆቴሉን የሲጋር ክፍል መስኮት ከፈትኩ፣ የአመድ መጣያዎቹን አጠብኩ፣ የሲጋር ሣጥኑ እርጥበቱን እንደጠበቀ አየሁ። ሁሉ ደህና። ደህና ያልሆነው ወንበሩ ነው... ባዶ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጣ። መጋዘን ገብቶ የቤልጅየሙን ቢራ፣ ጥቁሩን ኤል አይቶታል። ክምሩ እንዳለ ነው።

"ይሄን ማነው ያዘዘው?"

እያወቀ ይጠይቀኛል። እኔ ነኝ። ከሲጋር ጋር ከውስኪ ይበልጣል ብዬ የማልኩትም እኔ። በገዛ ምላሴ ተማምኜ።

"እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተነካ ክፍሉን ለስብሰባ እንሰጠዋለን። አንቺም ወደ ልብስ ማጠቢያው ትመለሻለሽ።" በትሕትና ነው የተናገረው። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ልብስ ማጠቢያ... አንሶላ ስተኩስ ስንት ዓመት ኖርኩ? ሥራው ነውር የለበትም። ግን እዚያ ከሳሙና በቀር የሚሸተት ነገር አልነበረም፤ አፍንጫዬ ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። አልመለስም። በፍጹም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ክፍሉን ያቆዩት አራት ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ፤ "የቅዳሜዎቹ" እላቸዋለሁ። አውራቸው ጎማ ነጋዴው ነው። እሱ ውስኪ ካለ ሁሉም ውስኪ። እሱን ከረታሁ ሁሉንም ረታሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ወይ ጉዴ።

ጠርሙሱን ከፍሪጅ አወጣሁ። ብርጭቆው እስኪያልበው ድረስ ቀዝቃዛ። ከወፍራሙ፣ ከኃይለኛው ሲጋር ጋር አቀረብኩለት። ጎማ ነጋዴው ሳበ፣ ጎነጨ፣ ሲጋሩን አየ፣ ብርጭቆውን አየ።

"ልጄ፣ ጎማ ጎማ ይላል።"

ሰውየው ጎማ ሲሸጥ ነው ያረጀው። ጎማ ነው ካለ ማን ይከራከረዋል? ሦስቱ ሳቁ። ከመካከላቸው ልብስ ሰፊውማ እንባው እስኪመጣ። "በሞቴ ውስኪዬን አምጪልኝ" አለ ነጋዴው። አመጣሁለት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባርማኑ ጋሽ ይደርሳል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሁሉን ነገር "ይደርሳል" ስለሚል ነው እንዲህ የምንለው። "አይዞሽ፣ ይደርሳል" አለኝ። ምኑ ነው የሚደርሰው?

ሁሉም ከሄዱ በኋላ እኔም ቀመስኩት። እውነቱን ነው። ጎማ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ሳልረሳው ልጻፈው።

ትናንት ሁለት ጠርሙስና ሁለት ሲጋር፣ አንድ ኃይለኛ አንድ ለስላሳ፣ ገዝቼ ወደ ቤት ወስጄ ነበር። ቢራውን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። እማዬ ጠዋት ለድስቷ ቦታ ፈልጋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። ቀትር ላይ ሳየው ደሜ ፈላ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ፍሪጅ እንጂ መጠጥ ቤት አይደለም። ሲጋራ ሲጋራ መሽተትሽ አይበቃም?"

"ሲጋር ነው፣ ሲጋራ አይደለም።"

"ጭሱ አንድ ነው።"

ልደፋው ነበር። አሳዘነኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ቀዳሁት። አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘም፣ ለዘብ ብሏል። ጎነጨሁ።

ተምር! የተቃጠለ ስኳር። መጨረሻ ላይ ደግሞ የዳቦ ቅርፊት። ይሄ ሁሉ እስከ ዛሬ የት ነበር? ቅዝቃዜው አፍኖት ነው እንጂ።

ኃይለኛውን ሲጋር ለኮስኩ። አሁንም መራራ፣ ቢራውን ረገጠው። ተውኩት። ለስላሳውን፣ ቡናማውን ለኮስኩ። መጀመሪያ ላይ ቢራው ሲጋሩን ዋጠው። ሲጋሩ ወደ መሃል ሲደርስ ግን... ጭሱ ሲበረታ ቢራው ጣፈጠ። አንዱ የሌላውን አፍ ጠረገለት። ብቻዬን ሳቅኩ።

"ምን ያስቅሻል?" አለች እማዬ ከውስጥ።

"አንቺ ነሽ ያገኘሽው።"

"እኔ ድስቴን ነው ያስቀመጥኩት።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

የቅዳሜዎቹ አልመጡም። ልብስ ሰፊው ልጁን እየዳረ ነው አሉ። ዛሬ ምን አስቸኮለው? አንድ ቅዳሜ ብቻ ቀረኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

ነገ። ቢራውን ከመጋዘን አስወጥቼ ባሩ ውስጥ፣ ከፍሪጅ ውጭ አስደረደርኩ። ለጋሽ ይደርሳል አልነገርኩትም... ምን ይነገራል? እንዳለ ይቆያል። እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 24

ከየት ልጀምር?

ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው። "ቢራው የት ሄደ?" ጋሽ ይደርሳል ፈገግ ብሎ የበረዶውን ገንዳ አሳየኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉንም በረዶ ውስጥ ቀብሮታል። "ያን ቀን ደህና ስላልቀዘቀዘ ነው ብዬ። ዛሬ አንቺን አላሳፍርሽም" አለ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፣ ፊቱን አየሁት፣ ዘጋሁት። ለእኔ ብሎ ነው። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የቅዳሜዎቹ ደግሞ ተቀምጠዋል። ነጋዴው ጣቱን አነሳልኝ፤ ውስኪ ማለቱ ነው።

ያን ጊዜ በረንዳው ትዝ አለኝ። ጭሱና ቢራው የተገናኙት እኮ ሲጋሩ ወደ መሃል ሲደርስ ነው! ለምን እቸኩላለሁ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ጠርሙሶቹን ከበረዶ አወጣሁ፣ አተላቸውን ከታች ትቼ በሰፋፊ ብርጭቆ ቀዳሁ፣ ፀሐይ የመታው መስኮት ጋ ደረደርኳቸው። ለስላሳዎቹን ሲጋሮች ይዤ ሄድኩ።

"ሲጋሩ ሲሶው እስኪያልቅ መጠጥ የለም" አልኩ። "ውሃ ብቻ።"

"ቀጣሽኝ?" አለ ነጋዴው።

"አዎ።"

ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ሌሎቹ ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእሱ ነው የሳቁት። ዐይኖቹን አጠበበ። "ጠብቄ ጠብቄ ካልጣመኝስ?"

"ካልጣመዎት ይሄ ክፍል ይዘጋል፣ እኔም ወደ ልብስ ማጠቢያ እወርዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀጣዎት የለም።"

ሲጋሩን ለኮሰ።

አመዱ ሲረዝም ቆሜ አያለሁ። ብርጭቆዎቹን በመዳፌ ነካሁ... ገና። እንደገና ነካሁ። ለዘብ ብለዋል። አቀረብኩ።

ሳበ። ጎነጨ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ። ልብስ ሰፊው እንኳ አንገቱን አስግጎ አየው።

"ይሄ ያኔ የሰጠሽኝ ቢራ ነው?"

"ራሱ ነው።"

"አይደለም።"

ጠርሙሱን አሳየሁት። አገላብጦ አየው። እንደገና ሳበ፣ እንደገና ጎነጨ። ከዚያ ብርጭቆውን ጨርሶ ወደ እኔ ገፋው።

"ድገሚኝ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደገምኩት። አራቱም አስደገሙ። ውስኪ የጠራ የለም። ባሩ ጀርባ ገብቼ ብቻዬን ጮቤ ረገጥኩ። ጋሽ ይደርሳል ደንግጦ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ አንገቱን አቀፍኩት። "ደረሰ፣ ጋሽዬ" አልኩት። ከዛሬ ጀምሮ ግን በረዶ የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ ነገርኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 29

ነጋዴው በሳምንቱ ውስጥ ሰው እያስከተለ ይመጣል። የማያውቁትን "ቆይ፣ ገና ነው!" እያለ እጃቸውን ይይዛል፤ ራሱ ያገኘው ይመስል። ይሁንለት።

ሥራ አስኪያጁ መጋዘኑን አይቶ መጣ። "ሌላ እንዘዝ እንዴ?" አለኝ። ስለ ስብሰባውም ስለ ማጠቢያውም ትንፍሽ አላለም።

"እስኪ ላስብበት" አልኩት። የሚታሰብ ነገር አልነበረውም። ግን እሱም ትንሽ ይጠብቅ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8

ክፍሉ ሞልቷል። ትሪ ይዤ ስገባ ነጋዴው ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳበ።

"ዛሬ ተቀመጪ።"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"አስፈቅጃለሁ።"

ዞር ስል ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሟል። መጥቶ ትሪውን ከእጄ ተቀበለኝ፣ ሳይኮራ ሳያፍር ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄደ። ይሄን ያየች ዐይኔ ትባረክ።

ተቀመጥኩ። በዚህ ክፍል ስንት ዓመት ቆሜ... ወንበሩ እንዲህ ጥልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ነጋዴው ራሱ ቀዳልን። አረፋው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። "ቀስ ይበሉ፣ አተላውን ይተዉት" አልኩት፤ "እሺ" አለና ጠርሙሱን ቀና አደረገ። ልብስ ሰፊው ሲጋሬን ለኮሰልኝ።

አጨስን፣ አወራን። ብርጭቆዎቹ እንደ ሞሉ ፊታችን ቆሙ። አመዱ ረዘመ። አንድ በአንድ ወሬያቸውን አቆሙ፤ አራቱም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እኔን ያዩኛል። ማንም አልነካም።

ትንሽ አቆየኋቸው።

"አሁን" አልኩ።