ከማዳበሪያው ስር የሚቀረው ድርቆሽ

ወንድም ዓለሜ እንድሪስ፣

እንደ ድሮው ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ለትምህርት ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም ስንመጣ መኪናው ላይ መስኮቱን ለእኔ ትለቅልኝ ነበር። ዛሬም እዚያው እቀመጣለሁ፤ አጠገቤ ግን የማላውቀው ሰው ነው።

ቤት ሁሉም ደህና ነው። ላሟ ወልዳለች። ታናሿ እህታችን ትምህርት ጀምራ ያንተን ሹራብ እጅጌውን ጠቅልላ ትለብሰዋለች፤ እማዬ አውልቂው ለማለት አንደበቷ አይታዘዝላትም። መካነ ሰላም የተከራየነው ክፍልም ያው ነው። አከራያችን እትዬ ዘሃራ በሩን አሳድሰውታል፤ አንተ የመታኸው ሚስማር ግን ግድግዳው ላይ አለ፣ ቦርሳዬን እሰቅልበታለሁ።

ስለዚያ ክፍል ሳስብ ትዝ የሚለኝ ስንቅ የሚደርስበት ቀን ነው። አብረውን የተከራዩት ደምሴና ሰይድ፣ አንተና እኔ ከየቤታችን የተላከልንን ድርቆሽ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ እንድንገለብጥ ያደረግከው አንተ ነህ። ሰይድ ከእነሱ ቤት የሚላከው ስለሚበዛ ይከፋው ነበር። ደምሴ በሚጾምበት ቀን የእማዬ ቅቤ ወደ ድስቱ እንዳይጠጋ ትጠብቃለህ። ለቀልድ አባወራ እንልህ ነበር። አባወራችን ለሁላችንም ዘግኖ ሲያበቃ ከስር የቀረውን ድቃቂ ለራሱ ያራግፋል። ሰይድ ዶሮ ነህ እንዴ እያለ ሲቀልድብህ፣ የሚጣፍጠው ድቃቂው ነው፣ ጥርስም አያደክም ትለው ነበር። እኔም አምኜህ ኖርኩ።

የሰደቃህ ዕለት እማዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለህ ለትምህርት ብላ ዘመድ ቤት አስቀምጣህ ነበር። እዚያ ማዕድ ሲቀርብ ስምህን የሚጠራ አልነበረም፤ በልተው እስኪነሱ በር ላይ ትቆማለህ። ወደ ቤት የተመለስክ ዕለት ምግብ ሲቀርብልህ እጅህን ሳትሰድ ዙሪያውን አየህና «ማን ቀረ?» አልክ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳትጠይቅ በልተህ አታውቅም አለችኝ። እኔ ደግሞ አባወራ ያደረግንህ በዕድሜ ስለምትበልጠን ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚያ በር ላይ ጀምረህ ነው።

አሁን አባወራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ አለምነው የሚባል አዲስ ልጅ ከገጠር መጥቶ አብሮን ይኖራል። መስከረም ላይ በጣለው ዝናብ የእነሱ አገር መንገድ ተቆረጠና ስንቁ ሳይመጣ ቀረ። የእኛም እያለቀ ነበር። ሰይድ ከእንግዲህ ሁሉም የራሱን ይብላ አለ፤ ደምሴ አንገቱን ደፋ። አለምነው ጓደኛዬ ጋ በልቻለሁ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ሁሉም እኔን አዩኝ። እምቢ ብል ሰይድ ስንቁን ይዞ ሌላ ክፍል ሊከራይ ይችላል፤ ያኔ የአንተ ቤት ፈረሰ ማለት ነው። አፌ ላይ የመጣው ያንተው ቃል ነው።

«ማን ቀረ?»

ሰይድ ወደ ጎን ጠጋ አለ። አለምነው ተመልሶ በተለቀቀለት ቦታ ተቀመጠ።

ለሁሉም ዘግኜ ማዳበሪያውን ለራሴ አራገፍኩት። ድቃቂው አይጣፍጥም፣ ወንድም ዓለሜ። ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይላል። ሰይድ አንተም ዶሮ ሆንክ ሲለኝ ግን የሚጣፍጠው እሱ ነው አልኩት። ሊስቅ ብሎ ተወው።

አላህ ጀነት ያግባህ። ማዕድ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ዙሪያዬን አያለሁ። አንተ ቀርተሃል።

ታናሽህ