የሙሽራዋ መንጋጋ

ሰኞ፣ ጥር 25፤ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም በቀኝ ብቻ ነው የማኝከው። የግራው የታች መንጋጋ አላስቀርብ ብሏል። ደግነቱ ነነዌ ገብቷል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚታኘክ የለም።

እንዲህ እያመመኝ ክፍል ገብቼ ስለ ጥርስ አስተማርኩ። ላም የላይ የፊት ጥርስ የላትም ስል አልደነቃቸውም፤ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ እያዩ ነው ያደጉት። ቀንድ አውጣ በሺህ የሚቆጠር ጥርስ አላት ስል ግን ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ጥርስ ባዳ ነው።

እሑድ ሠርጌ ነው፣ ማስታወሻዬ። በተክሊል። እጮኛዬ ማሩ ዲ/ን ስለሆነ ሌላ መንገድ የለም፤ ቆርበን ነው የምንጋባው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ሥሩ መግል ቋጥሯል አለ። መጀመሪያ መድኃኒት፣ እብጠቱ ሲቀንስ መንቀል። ደሙስ? ቀስ እያለ ሊደማ ይችላል፣ መቼ እንደሚቆም ቃል አልገባም አለ።

ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም። ይህን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም።

ለማሩ ደወልኩ። «ታዲያ እሑድ?» አለ። ጥያቄው ከመንጋጋው ባሰብኝ። ወሬ ለመቀየር ብዬ ድሮ የጥርስ ብሩሽ ከአሳማ ፀጉር ይሠራ እንደነበር አጫወትኩት። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ! የዛሬው ናይለን ነው ብል ማን ሰምቶኝ። ማታ መልእክት ላከ፤ ብሩሹን ጥሎታል።

ሐሙስ፣ ጥር 28

እንቅልፍ የለም። ቅርንፉድ ነክሼ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። የሠርግ ቀሚሴን ለበስኩ፣ አወለቅሁ። ጉንጬ ዳቦ አክሏል።

የንስሐ አባቴ መጡ። እያዘኑ ነው የነገሩኝ። ከተነቀለ እሑድ አያቆርቡኝም። የሚቀጥለው እሑድ ቅበላ ነው፣ በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ።

እሳቸው ሲወጡ እማዬ አለቀሰች። ሙሽራ ከቁርባን ቀረች ከተባለ ጥርሷን አሟት ነው የሚል የለም፤ ድንግል ባትሆን ነው ይላሉ። ጥርስሽን ነክሰሽ እሑድን እለፊ አለችኝ። በየትኛው ጥርሴ? ተናደድኩ። ቆይቼ አዘንኩላት። ልክ ናት እኮ፤ አገሩን ታውቀዋለች።

ዓርብ፣ ጥር 29

ትኩሳት። አፌ በደንብ አይከፈትም። ሐኪሙ በስልክ ተቆጣኝ። መግሉ ወደ አንገት ከወረደ ቀልድ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ሳትቀሪ ነይ።

የጥርስ ቅርፊት ከአጥንት ይጠነክራል፤ በሰውነት ውስጥ የሚስተካከለው የለም። ግን አንዴ ከተቦረቦረ ራሱን አይጠግንም። የተሰበረ አጥንት እንኳ ይገጥማል። ለምን ይህን እንደምጽፍ እንጃ።

ከሰዓት ማሩ መጣ። እማዬ ባለችበት ተቀመጠ። ትኩር ብሎ አየኝና፣ «እንዲህ ሆነሽ ነው እንዴ በስልክ የምትስቂው?» አለ። ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸው ነው የመጣው። ድዱ እየደማ መቁረብ ያልቻለው እሱ ነው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብሏቸዋል። የኔን ስም አላነሣም። እማዬ ጉልበቱን ልትስም ምንም አልቀራት። እኔም አለቀስኩ። እወደዋለሁ፣ በቃ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው የከነከነኝ። ዲያቆን ከቁርባን ቀረ ከተባለስ? ስለሱም የሚወራ አይጠፋም። ነገ ቅስና የሚጠብቀው ሰው ነው። በኔ መንጋጋ?

ቅዳሜ፣ ጥር 30፤ ማለዳ

ወሰንኩ። ለማሩ ደውዬ ድድህ ደህና ነው፣ ለሽማግሌዎቹም እውነቱን ንገራቸው አልኩት። ተከራከረኝ። ዘጋሁበት።

እማዬ ሙሽራ በገበያ ቀን ደጅ አትታይም፣ ከሄድሽም ተከናንበሽ በጓሮ በኩል ትላለች። እምቢ አልኩ። ጤ/ጣቢያ የምሄደው በገበያው መሃል ነው። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ይቀራል። እህል ሻጩም፣ ጨው ሻጩም፣ ከብልባላ ለገበያ የወረደውም ጉንጬን ይየው። ለጠየቀኝ ሁሉ አፌን የሚከፈትልኝን ያህል ከፍቼ አሳያለሁ። ከፋሲካ በኋላ አገባለሁ፤ ማሩን።

በሩ ጋ ቆሜ ነው የምጽፈው። እማዬ ጫማዋን ማጥለቅ ጀምራለች። የት ልትሄጂ ነው ስላት ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ካንቺ ጋር፣ በገበያው መሃል» አለችኝ።